ማውስ የሚነካ ሰው

ዶክተሯ እንደገና ደወሉ። ሆድ ውስጥ በካሜራ እያዩ ቀዶ ጥገና የሚሠሩበት ባለ ባትሪ ማሽን የእኛ ድርጅት ምርት ነው፤ ምስሉ በሰዓቱ ስክሪን ላይ እንዲወጣ የሚያደርገውን ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ምስሉ ይዘገያል። እጄ ካለፈ በኋላ ነው የማየው። ነገ ሐሞት ከረጢቱን የማወጣለት ሰው አለ።»

«እኔ ጋ እኮ በደንብ ይሠራል፣ ዶክተር።»

እውነቴን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ስውል አንዴም አልተንቀራፈፈም። ሰው ሲደክመው በማሽን ያላክካል እያልኩ በሆዴ አማኋቸው። ንዴቴ አላስቀምጥ ሲለኝ ተነሥቼ ሆስፒታል ሄድኩ።

ዶክተሯ ጓንት አጥልቀው በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ አሳዩኝ። ምስሉ ይጎተታል። ልፈትሸው ብዬ ማውሱን ስነካ ተስተካከለ። እጄን ሳነሣ እንደገና ተጎተተ።

ያኔ ገባኝ። የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ባትሪ ለመቆጠብ ፋታ ባገኘ ቁጥር ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይተኛል። ምስሉን የሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድ «ምስል ደርሷል፣ ተነሥ» ብሎ ሲጠራው እስኪነቃ ምስሉ ያልፍበታል። የእኔ እጅ ደግሞ ከማውስ ተለይቶ አያውቅም፤ ሳላውቀው ፕሮሰሰሩን እንቅልፍ ስነሳው ከርሜያለሁ። ሁለት እጃቸው ሰው ሆድ ውስጥ የሆነ ሐኪም ማውሱን በምናቸው ይንኩት?

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካሜራው በርቶ እስካለ ድረስ ፕሮሰሰሩ እንዳይተኛ ማድረግ። አዲስ ድራይቨር ግን ያለ አለቃዬ ፈቃድ ማሽኑ ላይ አይጫንም። በቢሮው «ቁጠባ» የምንለው አለቃዬ ሰምቶኝ ራሱን ነቀነቀ።

«ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል ብለን አስተዋውቀናል። ግማሽ ቀን ነው ብንል ማን ይገዛናል?»

«ሐኪሟ እኮ ማየት አልቻሉም።»

«ታዲያ አንዲት ነርስ ማውሱን እያነቃነቀች ትቁማ። መመሪያው ላይ ጨምረው።»

የቀልዱን መስሎኝ ፊቱን አየሁት። የምሩን ነው። ነርሷ የራሷ ሥራ አላት አልኩት፤ ማውስ መንካት ምን ይከብዳል አለኝ። ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ቅጥል ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ።

ለዶክተሯ ደወልኩ። «ልክ ነበሩ። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ለነገ ግን አይደርስም» አልኳቸው።

«እንግዲህ በትንንሽ ቀዳዳ የሚያልቀውን ሥራ ሆዱን በሰፊው ከፍቼ ልሠራ ነዋ። አሁን ክፍሉ ገብቼ ለታካሚው ልነግረው ነው። ለምን ቢለኝ ምን ልበለው?»

«ለባትሪ ሲባል ነው ይበሉት» አልኳቸው።