ሟች ቀድሞ ተሳድቦ

ዙለይሃ መቀመጥ አልሆነላትም። በሐይቅ ከተማ በፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ከደጁ እስከ ዓምዱ ትመላለሳለች፤ እናቷ ራህማ ሻሿን እስከ አገጯ ስባ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች።

ዛሬ የአብደላ ቅጣት የሚወሰንበት ቀን ነው። አምና በአርዲቦ ሐይቅ ዳር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልቶ የዙለይሃን ታላቅ ወንድም ኡበይድን በአካፋ መትቶ ገደለው። ጥፋተኛ ተብሏል። ጠበቃው ግን ቅጣቱ እንዲቀልለት የእርቅ ወረቀት አስገባ፤ ዳኛውም የሟች ቤተሰብ ቀርቦ እውነት ታርቆ እንደሆነ ይናገር አሉ። ራህማ ወንድ በተሰበሰበበት ድምፅዋ ስለሚዘጋ ተናጋሪዋ ዙለይሃ ሆነች።

እርቁስ እውነት ነበር። የአገሩን ደም የሚያደርቁት አስታራቂ፣ አበጋሩ ሸህ እንድሪስ፣ ሁለቱን ወገን አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው፣ ደም መላሽ እንዳይኖር አስምለዋል። ከዚያ ወዲህ ታናሽ ወንድሟ ባድሩ ብቻውን ገበያ ይወጣል። ወረቀቱን ግን ዙለይሃ ያየችው ገና አሁን፣ ከጠበቃው እጅ ተቀብላ ነው። አራተኛው መስመር «ሟች ቀድሞ የተከሳሽን እናት በመሳደቡ» ይላል። ከግርጌው የራህማ የጣት አሻራ አለ።

«እማዬ፣ ይሄን አንብበውልሽ ነው የፈረምሽው?»

«ታረቁ የሚል ነው አሉኝ።»

«ኡበይድ ተሳዳቢ ነው ይላል።»

በዚያ ቤት ተሳዳቢ ከተፈለገ ዙለይሃ ራሷ ነበረች፤ ኡበይድማ በሬውን እንኳ እየለመነ የሚያርስ ሰው ነበር። ራህማ የልጇን እጅ ይዛ፣ ታርቀናል በይና ውረጂ አለቻት። ዙለይሃ አንድ ቃል ከጨመረች እርቁ ፈረሰ ይባላል፤ እናት ባድሩን ደግሞ መቅበር አትችልም።

ተጠሩ። ባድሩ ከኋላ ተቀምጧል፤ የአብደላ ወንድሞች ከሱ አንድ ወንበር አለፍ ብለው። ዳኛው ታርቃችኋል ወይ ብለው ጠየቁ።

«ታርቀናል፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ዳኛው ሊጽፉ አቀረቀሩ። መውረድ ነበረባት። አልወረደችም።

«እርቁ እርቅ ነው። የኛ ወንዶች በነሱ ላይ እጅ አያነሱም፤ ይሄን እኔም እናቴም አናፈርሰውም። አራተኛው መስመር ግን ውሸት ነው። ወንድሜ የማንንም እናት አልሰደበም። እናቴ ማንበብ አትችልም፣ ሳይነበብላት አስፈረሟት። ደሙን ትተናል፤ ስሙን ግን አብረን አልሰጠንም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጠበቃው ተነሳ፤ ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡትና ይህን ማን ጻፈው አሉ። ከፊት የተቀመጡት ሸህ እንድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። የጻፈው ደጅ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው፤ ቅጣት ያቀላል እያለ በየእርቁ ወረቀት ላይ ይሄንኑ ይጨምራል አሉ።

«እኔም ያልኩትን ጻፈ ብዬ ሳላስነብብ ፈረምኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። እርቁ አልፈረሰም፤ መስመሩ ይሰረዝ።»

እኒህ ሰው በአደባባይ ጥፋቱ የኔ ነው ሲሉ የሰማ አልነበረም።

ዳኛው እርቁን ተቀበሉ፤ ስድቡ ግን ከመዝገብ እንዲወጣ አዘዙ። ለአብደላ አሥራ አራት ዓመት እስራት ተነበበለት። ዙለይሃ ፍርዱን ስትሰማ እፎይ የምትል መስሏት ነበር። አላለችም። ዓይኗ ባድሩ ላይ ነበር።

በሩ ላይ የአብደላ ታላቅ ወንድም ሙሐዲን መንገዱን ዘግቶ ቆመ። ባድሩም ቆመ። ራህማ የዙለይሃን ክንድ ጨመደደችው። ሙሐዲን እጁን ዘረጋ። ባድሩ የተዘረጋውን እጅ አየው፤ ቆየና ጨበጠው።

እጆቹ እስኪላቀቁ ድረስ ዙለይሃ ዓይኗን አልነቀለችም።