ያልፈረመችበት ተቀናሽ

ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ይህንን የማያውቅ ሰው ላውንደሪ ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። አንዷ በወዲህ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ በወዲያ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፤ ጠበቅ አድርገው ይወጥሩታል፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ አንዷ ወደ ሌላዋ ትራመዳለች። ጫፍና ጫፍ ሲገናኝ እጅና እጅም ይነካካል።

እትዬ እምቢና ሳቂታ የሆቴሎችን አንሶላ እንዲህ እያጠፉ ብዙ ዓመት ኖረዋል። እትዬ እምቢ ባሏ ከሞተ፣ አንድ ልጇም አግብታ ሩቅ ከሄደች ወዲህ፣ የሰው እጅ የሚነካት እዚያ አንሶላ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር። ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ቁጭ ብላም አስባው አታውቅም።

«እምቢ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። «ትርፍ ሰዓት ግቢ» ሲሏት እምቢ፣ «ነይ ትንሽ እረፊ» ሲሏት እምቢ፣ ጥርሷ ታሞ ጉንጯ እንደ ዳቦ ሲነፋ እንኳ «ሐኪም ዘንድ ሂጂ» ብትባል እምቢ። ሳቂታ ደግሞ በዕድሜ ታንሳታለች፤ ማሽን ሲበላሽም፣ ጋሼ ሲቆጣም፣ ካውያ እጇን ሲያቃጥላትም መጀመሪያ የሚመጣላት ሳቅ ነው። ጋሼ የሚሉት የላውንደሪውን ባለቤት ነው።

መግቢያው ላይ አቴንዳንስ የሚፈረምበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። አንዷ ካረፈደች ሌላዋ ትፈርምላታለች፤ ይህ በዚያ ቤት ከጥንት የነበረ ነው፣ ጥፋት ነው ብሎ ያሰበም የለም። የእትዬ እምቢ ፊርማ አንድ ፊደልና አንድ ጭራ ናት። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየችምና ከዚያ በላይ አልደከመችበትም። ሳቂታ ግን ያችን ጭራ ከራሷ ከእትዬ እምቢ ይልቅ አሳምራ ትጠቀልላት ነበር።

ጥርሱ አላስተኛ ሲላት እትዬ እምቢ በመጨረሻ ተሸነፈችና ልታስነቅለው ሄደች። ሳቂታ እንደልማዷ ፈረመችላት፣ የቀን ሒሳቧ እንዳይቆረጥ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሰላም ነው።

ደመወዝ የወጣ ዕለት እትዬ እምቢ ፖስታዋን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ከፈተችው። ለቤት ኪራይ ያሰበችው አይሞላም። ቀጥ ብላ ጋሼ ክፍል ገባች። ጋሼ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቱ አዙሮ ስልክ ይነካካል።

«ጋሼ፣ ይሄ ገንዘብ ጎድሏል።»

«አልጎደለም። ተቀንሶ ነው።»

«ማን ቀነሰው?»

«ሆቴሉ አንሶላ ጠፋብኝ ብሎ አስከፈለኝ። ታዲያ ከኪሴ ልከፍል ነው? ሁላችሁም ትካፈሉታላችሁ። እስኪያልቅ በየወሩ ይቀነሳል።»

«እኔ አንሶላ ለብሼ ስሄድ አይተውኛል?»

«እትዬ፣ አታድርቂኝ። ተስማምታችኋል። አንቺም ፈርመሻል።»

«እኔ?»

ወረቀቱን አውጥቶ ወረወረላት። «በጠፋው ንብረት ምክንያት ከደመወዜ እንዲቀነስ ተስማምቻለሁ» ይላል። ከሥሩ የሴቶቹ ሁሉ ፊርማ ተደርድሯል። የእሷም አለ። ፊደሏ አለች፣ ጭራዋ አለች። ጭራዋ ግን አምሮባታል፤ እሷ በሕይወቷ እንዲህ አሳምራ ፈርማ አታውቅም። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

ሳቂታ ካውያዋን ይዛ የትራስ ልብስ ትተኩሳለች።

«ምን አድርገሽኛል፣ አንቺ?»

«ምን አደረግሁሽ ደግሞ?» አለችና ሳቀች። ፊቷን ስታይ ግን ሳቁን መለሰችው። «ወረቀቱን አሳየሽ?»

«አሳየኝ።»

«እትዬ ሙች፣ መላ አጥቼ ነው። ጥርስሽን ልታስነቅዪ የሄድሽ ዕለት ጋሼ ወረቀት ይዞ መጣ። ያልፈረመች ነገ እንዳትመጣ አለን። እኔ ደግሞ ጠዋት አቴንዳንስ ላይ ገብታለች ብዬ ፈርሜልሻለሁ። አሁን የለችም ልበለው? ሁለታችንንም አውጥቶ አይጥለንም? እንደሁልጊዜው ነው ብዬ ፈረምኩልሽ።»

«አቴንዳንስና ገንዘቤ አንድ ነው?»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

እትዬ እምቢ ዞራ ወደ ሥራዋ ሄደች። የሚያናድደው ነገር ሳቂታ እውነቷን መሆኑ ነው። ለእሷ ብላ ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ከተቀመጡት መካከል ሰው ይዞ የመጣ ብዙ ነበር፤ ወንድሙን፣ ጎረቤቱን። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተራዋን ጠበቀች። ተቀባይዋ ልጇን የምታህል መነጽራም ሴት ናት።

«እናቴ፣ ቀጣሪ ስላሰኘው ብቻ ከደመወዝ መቀነስ አይችልም» አለቻት። «ወይ ሕግ ይዘዝ፣ ወይ ፍርድ ቤት ይወስን፣ ወይ እርስዎ ራስዎ በጽሑፍ ይስማሙ። እርስዎ ተስማምተዋል?»

«አልተስማማሁም።»

«ፊርማስ?»

«አለ። የኔ ግን አይደለም።»

ልጅቷ መነጽሯን ከፍ አደረገች። «እንግዲያው ያንን ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ሰኞ ቀጣሪዎን እጠራለሁ። ከዚያ በፊት ማሰብ የሚፈልጉት ነገር ካለ ያስቡ። እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ሌላ ሰው ይነካል።»

የሚታሰበውን ሁሉ አስባዋለች፤ ከቢሮው እስከ ቤቷ በእግሯ ስትመለስ ሌላ ምን ስታደርግ ነበር? ዝም ብትል በየወሩ ይቀነሳል፤ ነገ ደግሞ ፎጣ ጠፋ ይባላል፣ ከነገ ወዲያ ሳሙና። ብትናገር ሳቂታ አለች።

ወሬው ላውንደሪው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ሳቂታ ልብስ መቀየሪያው ጋ ይዛ አስቆመቻት።

«አቤቱታውን ተይው በናትሽ። የተቀነሰብሽን እኔ በየወሩ ልስጥሽ።»

«እምቢ።»

«ባሌ ሥራ እንደፈታ ታውቂያለሽ። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ቤቴ ያሉት ምን ይበላሉ?»

«ስምሽን አልጠራም።»

«ጋሼ ሞኝ ነው? ያንቺን ፊርማ ከኔ ሌላ ማን ይፈርማል?»

«ስምሽን አልጠራም አልኩሽ።»

«እንዲህ ዓይነት ልብ የሰጠሽ አምላክ ይፍረድብሽ» አለች ሳቂታ። ሳቅ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም።

የዚያን ቀን አብረው አጠፉ፤ ግን ሳቂታ ጫፉን ከሩቅ ትወረውርላት ጀመር፣ እጅ እንዳይገናኝ። በማግስቱ ሳቂታ ከሌላዋ ጋር ቆመች። ሌሎቹም ጥንድ ጥንዳቸውን ይዘዋል። እትዬ እምቢ ማንንም አልለመነችም። የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ግድግዳው ላይ ባለው የመጋረጃ መንጠቆ አስይዛ፣ ሌላውን በእጇ ይዛ ለብቻዋ አጠፈች። መንጠቆ አይራመድም። መንጠቆ ጠበቅ አድርግ ቢሉት አይሰማም። አንዱ አንሶላ ሾልኮ መሬት ነካና እንደገና ወደ ማጠቢያ ተመለሰ።

«አሁን ይሄም ይቀነስባታል» አለች አንዷ ከወዲያ፣ ሌሎቹም ሳቁ። ሳቂታ አልሳቀችም፤ ወደዚህም ግን አላየችም።

ማታ ልጇ ደወለች። እትዬ እምቢ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ትነግራት ጀመረች፤ ከወዲያኛው በኩል ሕፃን ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ይቺን ለምታህል ነገር ራስሽን ታሰቃያለሽ? ስንት ቢሆን ነው? እኔ እልክልሻለሁ።»

«ስንት ነው ብዬ መቼ ጠየቅሁሽ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ምን እንድትላት እንደፈለገች እሷም አላወቀችም። «በይ ልጅሽን አባብዪ» ብላ ዘጋች። ክፍሉ ውስጥ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ሰዎች እየተከራከሩ ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ክርክሩን እስከ መጨረሻው አደመጠች፣ ስለ ምን እንደሆነ ሳይገባት።

ሰኞ ጋሼ ከረባት አስሮ ቢሮው መጣ። መነጽራሟ ልጅ መሃል ተቀመጠች። ጋሼ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ከጎኑም ወረቀቱ የተፈረመበትን ዕለት አቴንዳንስ አስቀመጠ።

«ይኸው ገብታለች፣ ይኸው ተስማምታለች። ሴትየዋ ነገር ትወዳለች እንጂ አልተበደለችም። ስሟን ይጠይቋት፤ እምቢ ነው የምትባለው።»

ልጅቷ ወደ እሷ ዞረች። «እናቴ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«አይደለም።»

«አቴንዳንሱስ?»

ጋሼ ፈገግ አለ። ይህችን ነበር የሚጠብቃት። አቴንዳንሱ የኔ ነው ካለች ወረቀቱም የእሷ ሊሆን ነው፤ የኔ አይደለም ካለች ሳትሠራ ደመወዝ በልታለች።

እትዬ እምቢ ቦርሳዋን ከፍታ የጥርስ ክሊኒኩን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ያን ቀን ጥርሴን ሳስነቅል ነበር የዋልኩት። ላውንደሪ አልገባሁም። አቴንዳንሱም የኔ አይደለም። ያልሠራሁበት ቀን ስለሆነ እሱን ይቁረጡብኝ፣ ጋሼ፤ ያ የእርስዎ ሐቅ ነው። ስላልወሰድኩት አንሶላ ግን አንዲት ሳንቲም አልከፍልም። አልተስማማሁም።»

ልጅቷ ካርዱን ከአቴንዳንሱ ጋር አስተያየችው። «ታዲያ ማን ፈረመ?»

«እኔ የመጣሁት የኔ አለመሆኑን ልናገር ነው። የማን እንደሆነ ያስፈረመው ሰው ይናገር። እርስዎ ራስዎ ፊት ለፊት ቆመው አይደል ያስፈረሙት? ከፊርማው አጠገብ ማን እንደነበረ ማየት የእርስዎ ነበር፣ ጋሼ።»

ጋሼ ፈገግታውን ሰበሰበ። «ከማን ጋር እንደምታጥፊ የማላውቅ መስሎሻል?»

ሳቂታ ልክ ነበረች።

ልጅቷ ጻፈች። የተቀነሰው ይመለስላት፤ ካሁን በኋላም በዚህ ሰበብ እንዳይቀነስባት። የቀረችበት ቀን በራሷ አንደበት ስላመነችው ይታሰብ። የሌሎቹ ሴቶችስ? «እነሱ ራሳቸው ይምጡ። ያልፈረመች እንዳትመጣ ተብሎ የተወሰደ ፊርማ ፈቃድ አይባልም፤ ግን እኔ ሄጄ ልጎትታቸው አልችልም።»

ገንዘቡ ተመለሰላት። ኪራይዋን ከፈለች። ጋሼ ግን ለሳቂታ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጣትና ታች ወደ ማጠቢያው ክፍል አወረዳት፤ የሆስፒታል ልብስ የሚገባበት፣ የበረኪናው ሽታ ዓይን የሚያቃጥልበት። በሌላ ደረጃ ትገባለች፣ በሌላ ሰዓት ምሳ ትበላለች። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ፣ ሰው ሳያይ፣ እትዬ እምቢ አጠገብ ቆም ይሉና «ቢሮው በየት በኩል ነው?» ይላሉ። ትነግራቸዋለች። ከዚያ ወደ ጥንዳቸው ይመለሳሉ።

እሁድ እትዬ እምቢ የሳቂታን ቤት ፈልጋ ሄደች። ያን ሁሉ ዓመት እጅ ለእጅ ሲነካኩ ኖረው በሯን አታውቀውም ነበር፤ ሠፈሩን ብቻ ከጨዋታ ታውቃለች። ጠይቃ ጠይቃ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ደረሰች። አንኳኳች። ከውስጥ ሲላወሱ የነበሩት ሰዎች ጸጥ አሉ።

«የለችም በላት» የሚል የሴት ሹክሹክታ ተሰማ።

«የለችም!» አለ የወንድ ድምፅ።

እትዬ እምቢ በሩን አየችው። አረንጓዴ ቀለም ነው፣ በእጀታው ዙሪያ ተላልጧል።

«ጥሩ» አለች። «እንግዲያው ስትመጣ ንገራት። ያንን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አምኜ ተቀብያለሁ ብላ እንዳትፈርምበት። ቢሮው ነገ ሰኞ ይከፈታል፤ መነጽራሟን ልጅ ትጠይቅ። አስፈራርቶ አስፈርሞኛል ትበል፤ የእሷም ገንዘብ ይመለሳል። ገብቶሃል?»

ከውስጥ ሹክሹክታው እንደገና ተሰማ።

«ገብቶኛል። ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«እኔ አብሬያት ልሄድ እችላለሁ በላት። ከፈለገች።»

በሩ አልተከፈተም። እትዬ እምቢ ትንሽ ጠበቀች፤ እግሯ እስኪዝል ሳይሆን፣ መጠበቋ በውስጥ ላሉት ግልጽ እስኪሆን። ከዚያ ደረጃውን ወረደች።

መንገዱ ላይ ሰው በቤተሰብ በቤተሰብ ሆኖ ይንሸራሸራል። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ እየጎተተች አጠገቧ ቆመችና ሰዓት ጠየቀቻት። እትዬ እምቢ ነገረቻት፤ ደግሞም የእሷ ሰዓት ጥቂት እንደሚቀድም፣ ባሏ በሕይወት ሳለ የገዛላት እንደሆነ፣ ባትሪውን ግን በቅርቡ እንዳስቀየረችው ጨመረችላት። ሴትየዋ አመስግና ልጇን እየጎተተች ሄደች።