የቦራ ኮቴ

አጥሩ በአንድ ላም ወርድ ተጥሷል። ሙሜ ዱላውን ትከሻው ላይ እንዳጋደመ ቆሞ ክፍተቱን ተመለከተና «ዛሬ? በዛሬ ቀን?» አለ ለራሱ። ከሰኔ ጀምሮ ሲጠብቀው የከረመው ካሎ ሊከፈት የቀረው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሾላው ሥር ተቀምጠው ሊመርቁት ነው።

ካሎ ማለት ከሚኤሶ በታች ያሉ ከብት አርቢዎች በክረምት በእሾህ አጥረው፣ ማንም እንዳይነካው ተማምለው፣ በበጋ ለጥጃና ለወላድ ላም ብቻ የሚከፍቱት ሣር ነው። ከቀኑ በፊት የገባ ከብት ይታረዳል፤ ሥጋውን መንደሩ ይበላዋል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ምድሩን ራቁቱን ካስቀረው ወዲህ ይህ ሕግ ጠብቋል። ለጥበቃው ሙሜን የመረጡትም አንድም ከብት ስላልተረፈው ነበር። «ለማን ያዳላል?» ተባለ።

ሥራውን ወደደው። እንዲያውም ትንሽ አብዝቶ ወደደው። ከአሰበ ተፈሪ የመጣ የግብርና ባለሙያ ሣሩ ጉልበቱ ድረስ መድረሱን አይቶ «ይህን የሚጠብቀው ሰው ማነው?» ብሎ የጠየቀ ጊዜ፣ ሙሜ ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ሲንጎራደድ ሰነበተ።

አሁን ተንበርክኮ ኮቴውን አየ። የአንዲት ላም ነው፤ ከባድ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የተራመደችው። የኋላ ግራ እግሯ አንደኛው ጥፍር ወደ ውስጥ ታጥፏል። የሙሜ እጅ አፈሩ ላይ ቀረ።

«ቦራ!»

አምና በዚያው ድርቅ ሰባት ከብት ይዞ ወደ አዋሽ ሲነዳ ስድስቱ መንገድ ላይ አለቁ። ሰባተኛዋ ቦራ በአቧራ ነፋስ መሐል ጠፋችበት። ሁሉም ሰው እርሙን አውጥቶ ነበር፣ ከሚስቱ ከፋጤ በቀር። ፋጤ ማለቢያ ቅሏን ዓርብ ዓርብ ጠዋት ታጥነዋለች። ጎረቤቶቿ «ምን ልታልቢበት ነው? ነፋስ?» ሲሏት «ስትመጣ ሽታውን ትለየዋለች» ትላለች፤ እነሱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ሣሩን እየገለጠ ገባ። ቦራ ግራር ሥር ቆማለች። አጥንቷ ይቆጠራል፤ ግንባሯ ላይ ግን ያ ነጭ ምልክት እንዳለ ነው። ከእግሯ ሥር ገና ያልደረቀች ጥጃ ለመቆም ትንገዳገዳለች፤ ከየትኛው ጫካ፣ ከማን ኮርማ እንደተገኘች አላህ ይወቅ። ሙሜ አለቀሰ። እያለቀሰም ሳቀ። «የት ነበርሽ አንቺ? የት ከረምሽ?» አለ አንገቷን አቅፎ፤ እሷም በሻካራ ምላሷ ጆሮውን ላሰችው።

ሕጉ ትዝ ያለው ይሄኔ ነው።

ማንም አላየም። አጥሩን ደፍኖ፣ ላሟን በወንዙ በኩል አዙሮ ቢያመጣት ማን ምን ያውቃል? ቅጠላም ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ክፍተቱ ተመለሰና ኮቴውን ይጠርግ ጀመር። አንዱን ጠረገ። ሁለተኛውን ጠረገ። ሦስተኛው ላይ እጁ እምቢ አለው።

በመስከረም እዚሁ ቦታ ዓሊዩን አንበርክኮት ነበር። የዓሊዩ ብቸኛ በሬ ገብቶ ተገኝቶ፣ ዓሊዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ ሲክድ፣ ሙሜ እጁን ይዞ ኮቴው ላይ አስቀመጠለት። በሬው ታረደ። ዓሊዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሙሜ ሰላምታ ሰጥቶት አያውቅም።

ሙሜ ቅርንጫፉን ወረወረው። ጥጃዋን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ቦራ እያጉረመረመች ተከተለችው።

ሾላው ሥር ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከሰላት መልስ ተቀምጠው ነበር። ሙሜ ጥጃዋን አውርዶ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

«ኦቦ ጂብሪል» አለ ለአንጋፋው ሽማግሌ፣ «ካሎው ተጥሷል። የጣሰችው ይቺ ናት። የእኔ ላም ናት። ሁለት ኮቴ ጠርጌያለሁ፣ እሱንም ይወቁልኝ።»

ከሩቅ የሚኤሶ ባቡር ጮኸ። ጂብሪል ጢማቸውን እያሹ ከኋላ ወደተቀመጠው ሰው ዞሩ።

«ዓሊዩ፣ የከፈልከው አንተ ነህ። አንተ ተናገር።»

ዓሊዩ ተነሳ። ሙሜን አላየውም። ጥጃዋ ዘንድ ሄዶ ቁጢጥ አለና ጅራቷን ገለጥ አደረገ።

«ጊደር ናት» አለ። «በሬዬን ስትበሉት ምን ነበር ያላችሁኝ? ሣሩ የጥጃ ነው አላላችሁም? እኔም ዋጥኩት። ሌሊት ሌሊት ግን ‹የታለች ጥጃዋ? በመንደሩ እኮ አንድ ጥጃ የለም› እያልኩ እናደድ ነበር። ይኸው መጣች። በሬዬ የታረደው ለዚች ነው። አሁን እናቷን አርዳችሁ እሷን ብትገድሉብኝ፣ ወላሂ፣ በሬዬን ሁለተኛ አረዳችሁት ማለት ነው!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን አቀራርበው ተንሾካሾኩ።

«ቅጣት ግን አይቀርም» አሉ ጂብሪል። «ሕግ ሕግ ነው።»

«እንገሩን ይክፈላ! ከጥጃዋ የተረፈውን የመጀመሪያ ወተት ሁላችንም እንቅመሰው» አለ ዓሊዩ።

አንዱ ሳቀ። ሳቁ ሾላውን ዞረው። ጂብሪልም እየሳቁ «አልሐምዱሊላህ! ተፈርዷል፤ ካሎውም ተከፍቷል!» አሉ።

ወሬው ቀድሞ ፋጤ ዘንድ ደርሷል። ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች፣ ቅሏን በሁለት እጇ ታቅፋ መጣች። ዛሬም ዓርብ ነበርና ከታጠነ በኋላ የቅሉ ሙቀት ገና አልበረደም። ቦራ ከሩቅ አፍንጫዋን ቀሰረች፤ አሸተተች፤ ጥጃዋን ትታ ሁለት እርምጃ ወደ ፋጤ ተራመደች።

«አላልኳችሁም?» አለች ፋጤ፣ እንባዋን ለመጥረግ እንኳን ሳትሞክር። «እናንተ ነፋስ ስትሉኝ!»

ሦስቱን ጡት ለጥጃዋ ትታ ከአንዱ ብቻ አለበች። ቢጫው እንገር ቅሉ ውስጥ ሲንፎለፎል ሰው ሁሉ ያዳምጥ ነበር፤ ይህን ድምፅ ከሰሙ ዓመት አልፏቸዋል። ፋጤ ቅሉን ለባሏ ሰጠችው፤ ሙሜ አልቀመሰም። ለጂብሪልም አላቀበለም። በሁለት እጁ ይዞ ዓሊዩ ፊት ቆመ።

ዓሊዩ ተቀበለው። ረዘም አድርጎ ጠጣ። ቅሉን ሲያወርድ ጢሙ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ በመዳፉ ጠረገውና ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሜን ዓይኑን አየው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሙሜ» አለ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ዓሊዩ» አለ ሙሜ፣ ቅሉን እየተቀበለው።