ሳያዩ ውሃ መልቀቅ

ሴትዮዋ ሽንት ቤት ስትገባ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ትሰቅላለች። ስትጨርስ ክዳኑን ትከድንና ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ውሃውን ትለቀዋለች። ይህም አልበቃትም፤ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሰማያዊ ሳሙና ታንጠለጥላለች። ውሃው ቀለም ከመሰለ ከታች ያለው አይታይማ! ሥራዋ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው፤ የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው እድፍ እያገላበጠች በበረኪና ስታስለቅቅ ስለምትውል፣ ቤቷ ገብታ የራሷን ጉድ ማየት አትፈልግም። ማን ይፈርድባታል?

አባቷ ይፈርዱባታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍሳሽ ቱቦ ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸው። የጉድጓድ ክዳን አንስተው ጎንበስ ብለው አንዴ ካዩ፣ የቤቱን ሰዎች ጓዳ ገብተው ያዩ ያህል ያወራሉ። «እዚህ ቤት ከሥጋ በቀር የሚበላ የለም»፣ «እዚያኛው ቤት ደግሞ ውሃ የሚጠጣ የለም፣ ጠጠር ነው የሚጥሉት» ይላሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ልጃቸው ቤት ገቡ፤ ሙያቸውንም ይዘው ገቡ።

የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሽንት ቤት ከገባች በሩ ላይ ይቆማሉ። «እንዳትለቂው! መጀመሪያ እኔ ልየው!» ከዚያ ቁርስ ላይ ሪፖርት ይቀርባል።

«ዛሬ የፍየል ነው፤ ድቡልቡል፣ ጥጥር ያለ። ዳቦ ብቻ ነዋ የምታበያት! አትክልት ጨምሪላት፣ ውሃም አጠጫት። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ቀይ ሆኖ አስደንግጦኝ ነበር፤ ለካ የበላችው ቀይ ሥር ነው።»

ልጅቷ ትስቃለች። እናቷ ግን እንቁላሉን ከፊቷ ትገፋለች። «አባዬ፣ እየበላን ነው እኮ!»

«ታዲያ የምትበይው መጨረሻው የት ሆነና ነው፣ እሜቴ?» ይሏታል።

ነገሩ የተበላሸው አለቃዋን ምሳ የጋበዘች ዕለት ነው። ሰውየው ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ አባቷ ተከትለው ገቡ። ውሃው ሁሉን ጠርጎ አልወሰደውም ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸው በርቶ ወጡ። «ጌታዬ፣ ሆድዎ የታደለ ነው! አንድ ወጥ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሙዝ! ይበርቱ፣ እንዲሁ ይብሉ!» አለቃዋ ሹካቸውን አስቀመጡ። መልሰውም አላነሱት።

ያን ቀን ደሟ ፈላ። «ስለዚህ ነገር ሌላ አንዲት ቃል ከአፍህ ከወጣች፣ የዚያኑ ዕለት ወንድሜ ጋ ትሄዳለህ!» አለቻቸው። ወንድሟ የሚኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ሚስቱና አባቷ ደግሞ ዓይንና ናጫ ናቸው። ከሁሉ የባሰው፣ እዚያ ከሄዱ የልጅ ልጃቸውን በዓመት አንዴ ቢያዩ ነው። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለዱም። «አፌን ለጉሜአለሁ» አሉ፤ እንዳሉትም አንድ ወር ሙሉ ዝም አሉ።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ ቧንቧው ጠብ አላደረገም። ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ከባልዲ ውሃ ደፋችና ወጣች። ከባልዲ የተደፋ ውሃ ግን ቀለም የለውም፤ ጉልበትም የለውም። ጫማዋን ስታስር አባቷ ከሽንት ቤት ወጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። አንዴ እሷን፣ አንዴ ምንጣፉ ላይ የምትጫወተውን ልጅ አዩ።

«ልጄ፣ ቃሌን ላፈርስ ነው።»

«እንዳትናገር!»

«ሬንጅ ነው» አሉ። «ጥቁር፣ የሚያጣብቅ። ሽታውም የለመድነው ሽታ አይደለም፤ ደም ሲበሰብስ የሚሸተው ነው። የብረት ኪኒን ትውጫለሽ? የከሰል ኪኒንስ? እነሱም ያጠቁራሉ።»

በእጇ አፏን አፈነች። አባቷ የእሷን፣ የገዛ ልጃቸውን፣ አጎንብሰው አይተዋል፤ አሽትተዋል! ከዚህ የበለጠ ምን ውርደት አለ? «የራስ ምታት ኪኒን ነው የምውጠው፣ ሌላ ምንም!» ብላ ጮኸችና ስልኳን አነሳች። ያን ኪኒን ጠዋትና ማታ በባዶ ሆዷ ስትውጥ ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

ወንድሟ መኪና ይዞ መጣ። አባቷ ሳይከራከሩ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተቱ፣ የልጅቷን ግንባር ሳሙ፣ ወረዱ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«እሄዳለሁ። እሷ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ግን እግሬን አላነሳም።»

«ሞቼ ልገኝ!» አለች ደረጃው ላይ ሆና። ይህን ብላ አንድ ደረጃ ስትወርድ ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ወንድሟ ነው በአየር ላይ የያዛት። ልጅቷን ለጎረቤት ሰጥተው በረሩ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሳትሽኮረመም ጠየቀቻት። «የሰገራዎ ቀለም ምን ዓይነት ነው?»

«አላውቅም።»

«ከተለወጠ ስንት ቀኑ ነው?»

«አላውቅም። አላይም እኔ።»

«በጭራሽ አያዩም?»

የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ የልጅ እናት፣ ከገዛ ሆዷ የሚወጣውን አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዓይኗን ጨፍና፣ «ውጭ አባቴ አለ፤ እሱ አይቶታል» አለች።

አባቷ ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ፤ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ማጣበቁን አንድ በአንድ ተናገሩ። ሐኪሟ የምትጽፈውን አቁማ ነርሷን ጠራች። ሲመረመር ጨጓራዋ ቆስሎ ይደማ ነበር፤ ኪኒኑ ነው ያቆሰለው። «ሳምንት ብትቆይ ኖሮ በሕይወት መምጣቷን እጠራጠራለሁ» አለች ሐኪሟ።

በሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰው የተኛበት ክፍል ውስጥ፣ ምሳ እየታደለ ሳለ ሆዷ አጣደፋት። መነሳት አትችልም። ነርሷም አልነበረችም። መጋረጃውን የሳቡላት፣ ፖፖውን ያቀረቡላት፣ ያነሱላትም አባቷ ናቸው። ሽታው ክፍሉን ሞላው። አንሶላውን እስከ አፍንጫዋ ሳበች፤ አባቷ ግን ፖፖውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው አዩት።

«አሁንም ጠቆር ያለ ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን መቀነስ ረስተው። «ማጣበቁ ግን ለቆታል። ነገ ቡናማ ይሆናል። እሰይ ልጄ!»

ከመጋረጃው ማዶ አንድ ማንኪያ ሳህን ላይ ተቀመጠ። «ኧረ በፈጠራችሁ!» አለ አንድ ድምፅ።

ወንድሟ ብቅ አለ። «አባዬ፣ ሻንጣህ መኪና ውስጥ ሦስት ቀኑ ነው። ሚስቴም አልጋውን አንጥፋለች። ዛሬ ላስገባው?»

አባቷ ፖፖውን ከድነው መሬት መሬቱን አዩ። ቃላቸውን እንዳፈረሱ ያውቃሉ።

«እኔ ቤት መልሰው» አለች፣ አንሶላው ውስጥ ሆና።

ወንድሟ ተገረመ። «ያ ነገርስ? ቁርስ ላይ የሚያወራው?»

አባቷን አየቻቸው። ሽታው አሁንም አፍንጫዋ ላይ ነው፤ ምራቋ አፏን ሞልቷል።

«ያውራ» አለች። «ቁርስ ላይም ቢሆን ያውራ።»