የዘይና አምስት መቶ ቃላት

ከሚሴ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ደክሞኛል። ይህን ስል ባለቤቴ ፋይዛ፣ ድካምማ የኔ ነው፣ ያንተን ምሬት ማዳመጡ ትለኛለች። እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ እኔን፣ መምህር ጀይሉን የማያውቅ ቢኖር እንግሊዝኛ ወድቆ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ አይደለም።

ተማሪዎቻችን እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ይማራሉ። ቤታቸው ኦሮምኛና አማርኛ ነው፤ መስጊድ ዓረብኛ አለ። እንግሊዝኛ የሚገኘው እኔ ጋ ነው፤ እኔም ጋ ቢሆን የተትረፈረፈ አይደለም። የአስረኛ ክፍል ፈተና ላይ መሰናዶ እንዳይገቡ የሚያስቀራቸውም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ክረምት ቁጭ ብዬ ከአስር ዓመት የፈተና ወረቀቶች ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ አምስት መቶ ስሞችን ለቀምኩ። ግሱ ይቆይ፣ ቅጽሉም ይቆይ፤ የነገሩን ስም ያወቀ የቀረውን ይገምታል ብዬ ነው። ድርቅ፣ ልማድ፣ ጉባኤ፣ ነጻነት፣ እንዲህ እንዲህ ያሉትን በእንግሊዝኛ ከነትርጉማቸው በእጄ ጽፌ አባዛሁና በ2003 መስከረም ላይ አደልኩ።

አብዛኞቹ ደብተር ለበዱበት። ዘይና ግን በሦስተኛው ወር መምህራን ማረፊያ ድረስ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ኸትሜዋለሁ» አለችኝ። ቁርአን አንብቦ የጨረሰ ሰው የሚለው ቃል ነው።

ዘይና የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ ከተማ አክስቷ ቤት ትኖር ነበር። እስቲ እንስማሽ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፤ እንደ ቁርአን ቤት ልጆች ወደፊትና ወደኋላ እየተወዛወዘች፣ በዜማ ከአንድ እስከ አምስት መቶ አወረደችው። አንዲት አልዘለለችም። የቁርአን ልጆች ሎህ በሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በቃላቸው ሲይዙት አጥበው፣ ቀጣዩን ይጽፋሉ። የኔንም ወረቀት የያዘችው እንደዚያው ነው። ሻይ የያዙት መምህራን መጠጣቱን ረሱት።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሱፐርቫይዘር በመጣ ቁጥር ዘይናን አስጠራለሁ። እሷ ታወርዳለች፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ እኔ አንገቴን እሰብራለሁ። ትሕትና አይደለም፤ ኩራቴን መደበቄ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ጉዱን ያየሁት በየካቲት ነው። ምንባብ እያነበብን ድንገት «ሃርቨስት» ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከመጀመሪያው ቃል ተነስታ እየመጣች ነበር። ክፍሉ መሳሳቅ ጀመረ፤ ተቆጣሁ፤ ጠበቅን። ሦስት መቶ ምናምነኛው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገልጣ «አዝመራ» አለች። መልሱ ትክክል ነው። ግን ቃላቱ ተያይዘው የገቡ ስለሆኑ አንዱን ለብቻው መዞ ማውጣት አትችልም ነበር።

ሊቃና የሚችል ነገር ነው። ወረቀቱን ቆራርጦ፣ ቃላቱን አዘበራርቆ፣ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ሃያ ሃያ መጠየቅ ነው፤ ቢበዛ ሁለት ወር ቢፈጅ ነው። አሰብኩት። ሰባ ሰባ ተማሪ ያለባቸው አራት ክፍሎች ነበሩኝ፤ ያልታረመ ወረቀት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል፤ ሰልችቶኛል። ደግሞም ለምን እዋሻለሁ፣ ያ ዜማ ከተበተነ ለእንግዳ ምን አሳያለሁ ብዬ ሳሳሁ። እየቆየ ይፈጥንልሻል አልኳትና ወደ ሌላ ልጅ አለፍኩ።

ምን እንደሚጠብቃት ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አባቷ አደም በዚያው ሰሞን ገበያ አግኝቶ ነግሮኛል። ከመንደራቸው ስድስት ልጃገረዶች ሳውዲ ገብተዋል፤ ደላላው ለዘይናም በየሳምንቱ ይመላለሳል። መሰናዶ ከገባች ደላላውን ከደጄ አባርረዋለሁ፣ ካልገባች ግን እናቷንም እሷንም የምከለክልበት አፍ የለኝም አለኝ። አይዞህ፣ የኔ ጎበዝ ናት አልኩት።

ፈተናው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። ሁሉንም ቃል ታውቀው ነበር፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው እየተነሳች ግማሽ ሳትደርስ ሰዓቱ አለቀባት። አላለቀሰችም። ይልቅስ ወረቀትዎ ጥሩ ነው፣ ያሉት ሁሉ መጥቷል እያለች እኔን ታጽናናኝ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ። በሌላው ሁሉ ጥሩ አምጥታ እንግሊዝኛ ጎትቶ ጣላት።

መስከረም ላይ አደም ልጁን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ፓስፖርት ለማውጣት የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋታል፤ ለመታወቂያው ደግሞ ሳውዲ ለመግባት የሚጠየቀው ሃያ ሁለት ዓመት እንደሞላት የሚመሰክሩ ሦስት ሰዎች። ዘይና አስራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት ምስክር አግኝቷል፤ ሦስተኛው የተማረ ሰው ቢሆን ይሻላል ብሎ ደላላው መክሮታል።

አልፈርምም አልኩ። ልጅህን አሳልፈህ ልትሰጥ ነው ወይ እስከማለት ደረስኩ። አደም አልተቆጣም።

«ማሎ፣ መምህር» ብሎ ለመነኝ ለስለስ ባለ ድምፅ። «በወረቀት ካልሄደች በባሕር ትሄዳለች፣ ቆርጣለች። የጎረቤቴ ልጅ በጅቡቲ በኩል ወጥታ ይኸው ዓመት ሆናት፣ ድምጿ የለም። እንግዲህ አንቱ ይፍረዱ።»

ወደ ዘይና ዞርኩ። በግል ድጋሚ ተፈተኚ፣ በየቀኑ እኔ ራሴ አስጠናሻለሁ፣ ወላሂ አልኳት።

«በየካቲትም ጊዜ አልነበረዎትም፣ ቲቸር» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም። እንደ ታወቀ ነገር ነው የተናገረችው።

በማግስቱ በባጃጅ ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው ሥራዬን ጠየቀኝ፣ መምህር አልኩ። ከየት ያውቋታል አለኝ፣ አስተምሬያታለሁ አልኩ። ዕድሜዋን ሲጠይቀኝ ዘይና አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ሃያ ሁለት አልኩ። አስተማሪዋ ከመሰከረማ ሌሎቹን መጠየቅ አያስፈልግም ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፈረምኩ።

ስንወጣ ዘይና ጎንበስ ብላ የፈረምኩበትን እጅ ሳመችው። መሳብ ነበረብኝ፤ አልሳብኩትም።