ኮምፒውተሩ እድገት አገኘ

"አትንኪው! ረሺዳ፣ ሶኬቱን አትንኪው!"

ረሺዳ እጇን ከግድግዳው መልሳ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። ማዘንጊያ የቲማቲሙን ፌስታል በሩ ሥር ጥላ ወደ ጠረጴዛው መጣች። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል። መሐሉ ላይ የነጠብጣብ ክብ ይሽከረከራል፤ ከሥሩ በዐረብኛ የተጻፈ ነገር አለ።

"ምን ይላል?" አለች ማዘንጊያ። ካርቱም ከመጣች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ዐረብኛውን እንደ ሰፈሯ እንደ ዴም ሰው ትናገራለች፤ ማንበቡ ግን አልሆነላትም። ረሺዳ ወሎ ሳለች ቁርኣን ቀርታለች፤ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ተቀጥራ በምትሠራበት ቤት ደግሞ ልጆቹን የምታስጠናው እሷ ናት።

"'ኮምፒውተርህን አታጥፋ' ይላል። 'ትንሽ ጊዜ ይወስዳል' ይላል። እኔ ዝም ብሎ ሲዞር ጊዜ ተበላሽቶ መስሎኝ ልነቅለው ነበር።"

"ማን አስጀመረው?"

ረሺዳ የቲማቲሙን ፌስታል ልታነሣ ሄደች። አርብ የዕረፍት ቀኗ ነው። ለዚህች ለአንድ ቀን ብላ የማዘንጊያን ትንሿን ክፍል ተከራይታለች። አርብ አርብ እየመጣች ትተኛለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ከማዘንጊያ ጋር ምሳ ትበላለች።

"ረሺዳ።"

"እትዬ፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም። ቤት ስጠርግ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። 'ተርጊያ' ይላል። 'ተርጊያ፣ በነፃ' ይላል። ተርጊያ እድገት ማለት አይደል? የማዳም ባል መሥሪያ ቤቱ ተርጊያ የሰጠው ጊዜ በግ አርደው ሰፈሩን በሙሉ አብልተዋል። ያንቺም ከሥራሽ የመጣ መሰለኝና፣ እንዳያልፍሽ ብዬ…"

"እንዳያልፈኝ ብለሽ ምን አልሽው?"

"እሺ አልኩት።"

ሌላ ቀን ቢሆን ማዘንጊያ ትስቅ ነበር። መልእክቱን ታውቀዋለች፤ የኮምፒውተሩን ሲስተም በአዲስ ልተካ የሚል ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በየጊዜው እየመጣ የስክሪኑን ግማሽ ይይዝባታል። በዐረብኛው ኮምፒውተር የመዝጊያዋ ምልክት ያለችው በግራ በኩል ነው፤ እሷን ተጭና ታባርረዋለች። በማግስቱ ይመለሳል። አንድ ቀን ለጎረቤት ልጅ አሳይታ ምርጫዎቹን አስነብባው ነበር። አንዱ "አሁን" ይላል፤ ሌላው "ዛሬ ማታ"። "አይሆንም" የሚል አልነበረም።

"ዛሬ ጋሽ ጀምበሬ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ታውቂያለሽ" አለች ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች።

"ዛሬ ነው እንዴ? ያ አላህ! መጽሐፉ!"

መጽሐፉ፣ ካርቱም ለተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች የተዘጋጀ የአማርኛ መማሪያ ነው። የማዘንጊያ ባል በየነ በትርፍ ጊዜው ፊደል ያስተምር ነበር። ከአገር ቤት የሚመጡት መጻሕፍት ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ነገር እየጠሩ ሲያስቸግሩት፣ የራሱን ጻፈ። "ረ" ላይ ረክሻ አለ፣ እዚያ ባጃጅን የሚጠሩበት ስም፤ "ዓ" ላይ ዓባይ አለ፣ ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር የሆኑት ጋሽ ጀምበሬ በዚያን ጊዜ፣ "ረክሻ ከመቼ ወዲህ ነው አማርኛ የሆነው?" ብለው ተቆጥተው ነበር። በየነም፣ "ልጆቹ ከተሳፈሩበት ጊዜ ወዲህ" አላቸው።

በየነ ሶባ ሆስፒታል ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። የእጅ ጽሑፉን ጎርፍ ወስዶታል። የቀረው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እሱ ራሱ፣ በአሮጌው የግዕዝ ፕሮግራም፣ በሁለት ጣት የተየበው። ሰዎች ሲጠይቋት "እርማቱ አላለቀም" ትላለች። ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረችው እሷ ስለሆነች ያምኗታል። እውነቱ፣ ከመጨረሻው ትምህርት በስተቀር ያልታረመ ገጽ የለም። የመጨረሻውን በየነ ሆስፒታል ሊገባ ሰሞን ነበር የጻፈው። ማዘንጊያ እዚያ ገጽ ላይ በደረሰች ቁጥር ፋይሉን ዘግታ ትነሳለች።

በስንት ልመና ይታተም ያለችው አሁን ነው። አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ሰኞ ከደረሰለት ለመስከረም አደርሳለሁ ብሏል። ሰኞ ካለፈ የትምህርት ቤቶች ሥራ ስለሚገባበት እስከ ከርሞ አይነካውም። ልጆቹ ደግሞ አይጠብቁም። ባለፈው ዓመት ፊደል ከጀመሩት ግማሾቹ ቀርተዋል።

ክቡ መሽከርከሩን ሲተው ማሽኑ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሣ። የመጣው ሌላ ገጽ ነው። በየነ ስክሪኑ ላይ ያስቀመጠው የድልድይ ፎቶግራፍ የለም። ማዘንጊያ ፋይሉን ፈልጋ አገኘችውና ከፈተችው።

አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም። ሁለት ነጥብ የተሸከሙ የፈረንጅ ፊደላት፣ የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት፣ የገንዘብ ምልክት፣ ቅንፍ ብቻ። ወደ ታች ወረደች። ገጽ በገጽ ያው ነው። ሥዕሎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት፤ ረክሻው፣ ግመሉ፣ ባለ ጀበናዋ ሴትዮ፣ ከሥራቸው ማንም የማያነበው ዝባዝንኬ።

"ይሄ የማን ቋንቋ ነው?" አለች ረሺዳ በሹክሹክታ።

"የማንም" አለች ማዘንጊያ። ስልኳን አነሣች።

ቢኒያም በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ዴም ተወልዶ ያደገ፣ እዚያው ገበያው ዳር ኮምፒውተርና ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ልጅ ሳለ ፊደል ያስቆጠረው በየነ ነበር፤ እስከ ዛሬ "ኡስታዝ" ይለዋል፤ ማዘንጊያን ደግሞ "ኻልቲ"፣ አክስቴ። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ።

"ኻልቲ፣ አትፍራ።"

"አትፍሪ" አለች ማዘንጊያ ሳታስበው።

"አትፍሪ። ልክ ነህ። ነሽ!" ጉልበቱ ላይ መሣሪያውን አስቀምጦ ተቀመጠ። "እዩ… እይ… ፊደሉ አልሞተም። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉም ቁጥር ነው። አሮጌው ፕሮግራም ቁጥሩን ወደ ፊደል ይተረጉም ነበር። አዲሱ ሲስተም ደግሞ ያንን ፕሮግራም አልቀበልም አለ። ሙተርጂሙ፣ ተርጓሚው፣ ሸሸ፤ ሰውየው ግን አለ። እዚሁ ቁጭ ብሎ ያወራል። የሚሰማው ነው የጠፋው።"

"አዲስ አበባ የሚሰማው አለ?"

"ሞልቷል። እዚያ ማተሚያ ቤቶች አሮጌውን አልጣሉም።"

"እንግዲያው በፍላሽ ገልብጥልኝ።"

ቢኒያም ፍላሹን ሰካ። ጠበቀ። ነቅሎ ከኋላ በኩል ሰካ። የኢንተርኔት መሰኪያዋንም ሞከረ። ምንም።

"አላያቸውም" አለ። "ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ነው። አዲሱ ሲስተም የሽማግሌውን በሮች አያውቃቸውም። ማውሱና ኪቦርዱ የሠሩት የድሮው ክብ መሰኪያ ስለሆኑ ነው፤ በሌላ በር ነው የሚገቡት።"

"በነፃ ብሎ!" አለች ረሺዳ እንባዋ እየመጣ። "በነፃ ብሎ ሌባ!"

"አንቺ ነሽ የነካሽው?" አላት ቢኒያም።

"ተርጊያ ይላል እኮ!"

"ተርጊያ! ኮምፒውተሩ ሙዲር፣ አለቃ፣ ሆነልሽ! በግ አላረድሽም?"

"ተዋት" አለች ማዘንጊያ። "ምን ማድረግ ይቻላል?"

ቢኒያም ፈገግታውን ዋጠ። "ሁለት ነገር። አንደኛው ወደ ኋላ መመለስ። አሮጌውን ሲስተም አልጣለውም፣ ደብቆታል። 'ተመለስ' እንለዋለን። ከተመለሰ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል፤ ፎቶው፣ ፕሮግራሙ፣ ፍላሹም ይሠራል።"

"እንደነበረ?"

"እንደነበረ። ኡስታዝ እንዳስቀመጠው።"

ማዘንጊያ ወደ ስክሪኑ አየች። "አድርገው።"

"ግን ስሚ። ሲመለስ ረጅም ጊዜ ነው። በመሐል ከህረባ፣ መብራት ማለቴ ነው፣ ከሄደ…" እጁን በአየር ላይ በተነ። "ረብና ይስቱር። እሱ ይጠብቀን ነው የምለው። ዲስኩም አርጅቷል፣ ስሚው።" ማዘንጊያ ጆሮዋን አስጠጋች። ከሲፒዩው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። "የእኛ መስመር ከጠዋት ጀምሮ ከህረባ የለም። ሱቄ ጨለማ ነው፤ እንጂ ዲስኩን ወስጄ እዚያ እገለብጠው ነበር።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛው፣ ዲስኩን ነቅለን ለዓሚ ጀምበሬ መስጠት ነው። እንዳለ። እዚያ ያውጡት።"

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን። አይከፋፈልም እኮ፣ አንድ ዕቃ ነው።"

ዲስኩ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ለእነ ቢኒያም የሚነገር አይደለም። ሆስፒታል ሊገባ ሰሞን በየነ በማይክራፎን የተወው፣ ማሳል የሚበዛበት፣ አንድ ጊዜ እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምታው የማታውቀው ድምፅ። በሻንጣ መሐል ተጋጭቶ ሊሰበር የሚችል ነገር። ፍተሻ ላይ "ይሄ ምንድን ነው?" ተብሎ ሊቀማ የሚችል ነገር።

"መልሰው" አለች። "ወደ ኋላ።"

ቢኒያም ማውሱን ያዘ። ገጽ ከገጽ እየከፈተ ወረደ። ማሽኑ ለምን መመለስ እንደፈለጉ ጠየቀው፤ ረሺዳ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። "'አዲሱን ለምን አልወደድከውም?' ይላል። ጭራሽ!"

"ምን ልበለው?" አለ ቢኒያም።

"አልጠየቅሁህም በለው" አለች ማዘንጊያ።

"እሱ ምርጫ የለውም።" አንዱን ተጭኖ አለፈ። የመጨረሻው ጥያቄ መጣ። ጣቱ ማውሱ ላይ ሆኖ ወደ እሷ ዞረ።

በሩ ተንኳኳና ጋሽ ጀምበሬ ገቡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። ውጭ የረክሻው ሞተር ይንደቀደቃል።

"እህት ማዘንጊያ፣ ደህና ዋልሽ? አልቀመጥም፣ መንገዱ ተዘግቷል አሉኝ። ፍላሹን ስጪኝና ልሩጥ።" ፊታቸውን አዩ። "ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?"

ቢኒያም በዐረብኛ ነገራቸው፤ በአማርኛ ቢናገር ይረዝምበታል። ጋሽ ጀምበሬ ሰዓታቸውን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ማዘንጊያን አዩ።

"ስንት ጊዜ ይፈጃል መመለሱ?"

"አይታወቅም።"

"እኔ የምጠብቀው ትንሽ ነው። በቃ፣ ካልሆነ… ለከርሞ እንላቸዋለን። እግዜር ያላለው ነገር ነው።" የመጨረሻውን ያሉት ቀስ ብለው ነው። ከዚህ ቤት "አላለቀም" ተብለው መመለስ ለምደዋል።

አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ መልሶ በራ። ከራሳቸው በላይ ያለው ማራገቢያ ፍጥነቱን ቀንሶ አቃሰተና እንደገና ያዘ። ቢኒያም ጣቱን ከማውሱ ሳያነሣ ጣራውን ያያል።

"ኻልቲ፣ ልጫነው?"

ማዘንጊያ ለከርሞ የሚለውን ቃል ለራሷ ደገመችው። ለከርሞ። ደግሞ ለከርሞ። እሷ ማሽኑን እንደነበረ ታስቀምጠዋለች፤ አቧራውን ትጠርጋለች፤ ፋይሉን ከፍታ እዚያች ገጽ ላይ ስትደርስ ትዘጋለች። እንደነበረ።

"ተው" አለች። "አጥፋው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ነሽ ብላ ማረሙን ረሳችው። "አጥፋውና ፍታው።"

ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ሥር ስበው አወጡት። ቢኒያም ጎኑን ሲከፍት አቧራ ቦነነ። ካቻቢቴውን ከእጁ ተቀበለችውና ብሎኖቹን ራሷ ፈታች፤ አንዱ አስቸግሯት ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ ገፋችበት። ዲስኩ ሲወጣ ሞቅ ያለ ነበር። ከጠበቀችው ይልቅ ይከብዳል። በእጇ ይዛው ትንሽ ቆየች።

ረሺዳ ወደ ክፍሏ ሮጣ የታጠበ ጣርሃ ይዛ መጣች፤ የራስ መሸፈኛዋ ነው፣ አዲስ። "በዚህ እንጠቅልለው" አለች። "እንዳይጋጭ።"

"ሻንጣ ውስጥ አይግባ" አለች ማዘንጊያ ለጋሽ ጀምበሬ። "በእጅዎ ነው የሚይዙት። እንዳይወድቅ። እንዳይረጥብ።"

"እንደ ታቦት ነው የምይዘው።" ከዚያ በሩ ላይ ቆም አሉ። "አንድ ነገር አለ። ማተሚያ ቤቱ የሥራው ባለቤት የመጨረሻውን ሳያየው አላትምም ብሎኛል። እንደዚያ ነው ደንባቸው። ልከውልሽ እስክታዪው ደግሞ ሰኞ ያልፋል። እርማቱ አላለቀም ብለሽኝ ነበር። ምን ልበላቸው?"

ማዘንጊያ እጇ ላይ ያለውን አቧራ በቀሚሷ ጠረገች።

"ባለቤቱ አይታዋለች በሏቸው" አለች፤ በሩንም ከፈተችላቸው።