የበርሜሉ ዝቃጭ

የጤና ጣቢያውን ሾፌር በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ማጥለያው ነው የሚሉት። ምን ያድርጉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ናፍጣ ሳያጠልል መኪናው ውስጥ ጨምሮ አያውቅማ! አዲስ በርሜል ሲመጣ ውሃውና ደለሉ እስኪረጋ ድረስ ሦስት ቀን ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። መሳቢያው ቱቦ ከበርሜሉ ቂጥ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ከዚያ በታች ያለው ዝቃጭ ነው፤ መኪና ውስጥ አይገባም፣ አለቀ። የተሳበውንም በወፍራም ጨርቅ እያጠለለ ነው የሚቀዳው። የመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ «ይሄ ሰው እኮ ምራቁንም አጥልሎ ነው የሚውጠው» እያለ ይስቅበታል። ይሳቅ! የማጥለያው መኪና አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም። አራቱም ጎማዋ እየጎተተ ጭቃውንና ዳገቱን ስትወጣ ስንቷን ነፍሰ ጡር ለሐኪም አድርሳለች።

ያን ዕለት ጠዋት ግን የምትጫነው የገዛ ልጁ ነበረች። ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሆነ ለመውለድ አባቷ ቤት ነው የመጣችው። የመጀመሪያዋ ነው። አዋላጇ ከማዋለጃ ክፍሉ ላቧን እየጠረገች ወጣችና፣

«ጋሼ፣ ልጁ አግድም ነው የተኛው፤ እዚህ አይወለድም» አለችው። «ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ቶሎ በል።»

ሆስፒታሉ ዘጠና ኪሎ ሜትር ይርቃል። የነዳጁን ቆጣሪ አየ፤ ከግማሽ በላይ ነው። አድርሶ ይመልሳል። ይህንን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን የሰው ልጅ አይደል? ፍርሃት ሆዱ ገባ። ቢያልቅብኝስ? ሐኪም የለም፣ ወደ ሌላ ከተማ ውሰዷት ቢሉኝስ? ልጄ ነዳጅ አልቆብኝ መንገድ ላይ ልትቀር? አዲሱ በርሜል የሚመጣው በማግስቱ ነው። ወደ ማስቀመጫው ሮጦ ቱቦውን ቢስብ አየር ብቻ ሆነ።

ከዚያ ሌላ ሰው ሲያደርገው ቢያይ አንገቱን ያንቀው የነበረውን ነገር አደረገ። በርሜሉን በሁለት እጁ አቅፎ አዘነበለው። ጨርቁ ላይ ሲያፈሰው አላልፍ ብሎ ጠብ፣ ጠብ አለ። ከውስጥ ልጁ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ጨርቁን መንጭቆ ወረወረና ሠላሳ ሊትር የሚሆነውን እንዳለ መኪናዋ ታንከር ውስጥ ገለበጠው።

ሚስቱ ፌስታል አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«አንተ፣ ጨርቁስ?»

«ዝም ብለሽ ግቢ!» አላት።

አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ምንም አልሆኑም። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ መኪናዋን ትን አላት። «አይዞሽ» አለ ማጥለያው፤ ለልጁ ይሁን ለመኪናዋ እሱም አላወቀው። የነዳጅ ማጣሪያው፣ የፊልትሮው መብራት ቦግ አለ፤ ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ።

ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የፊልትሮውን የታች ቡሎን ሲያላላው የወጣው ናፍጣ አይደለም፤ ዝገት የመሰለ ውሃ ነው። ውሃውን አፍስሶ፣ የእጅ ፓምፑን ደጋግሞ ተጭኖ፣ የገባውን አየር አስወጥቶ አስነሳት። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄዳ ቆመች። መጠባበቂያውን ፊልትሮ ቀየረ። አሁንም ከሦስት መቶ ሜትር አላለፈችም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። በዚያ መንገድ የምታልፈው አንዲት አውቶቡስ ናት፤ እሷም አመሻሽ ላይ ነው የምትመለሰው።

«ምን ሆነብን ጋሼ?» አዋላጇ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ነዳጁ ነዋ! ውሃ የተቀላቀለበት ነው የሸጡልን። ሌቦች!»

ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ሚስቱ የልጇን ራስ እንደታቀፈች ቀና ብላ አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ መኪናዋ ጸጥ ብላ ከቆመች ወደ ታች ይወርዳል፤ ያኔ የነዳጅ ታንከሩን የታች ቡሎን ፈትቶ ማፍሰስ ነው። መንገዱ እየናጠ ያመጣው ውሃ ግን በአንዴ እርጋ ቢሉት አይረጋም። ልጅቷ ደግሞ ምጡ በመጣባት ቁጥር ስትወራጭ መኪናዋ አብራ ትወዛወዛለች። ፍሬን እየያዘ ወደ ኋላ ለጥ ያለ ቦታ ላይ አንከባለላትና በሩን ከፈተ።

«አውርዷት» አለ።

«ምን?» አለች ሚስቱ።

«መኪናዋ መነቃነቅ የለባትም። መሬት ላይ ትተኛ። ሃያ ደቂቃ።»

«አብደሃል አንተ ሰውዬ? ልጄን ድንጋይ ላይ ልታስተኛት ነው?»

«ውሃው ካልረጋ ጭራሽ አንደርስም! በሞቴ፣ አውርዱልኝ!»

ለሦስት በአንሶላ አወረዷት። ልጅቷ ሣሩን ጨብጣ «አባዬ፣ ለምን ቆምን?» አለችው። «አሁን እንሄዳለን የኔ እናት፣ አሁን» አላትና ቁልፉን ይዞ መኪናዋ ሥር ገባ። በጀርባው ተኝቶ ሰዓቱን ዓይኑ ላይ ደቀነ።

ወይ መከራ! የሚፈታ ነገር ቢኖር ይፈታ ነበር፣ የሚገፋ ቢኖር በጥርሱም ቢሆን ይገፋ ነበር። ሥራው ግን ምንም አለመሥራት ሆነ። ልጁ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ታቃስታለች፤ እሱ ተጋድሞ ደቂቃ ይቆጥራል። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አዋላጇ ማዳመጫዋን ከልጅቷ ሆድ ላይ አንስታ፣

«ጋሼ፣ የልጁ ልብ ምት እየቀነሰ ነው» አለች። ድምጿ ተለውጧል።

ሚስቱ እግሩን ይዛ ጎተተችው። «ተነስ! ምን ተጋድመሃል? ተነስና ንዳ!»

እጁ ቡሎኑ ላይ ነበር። አሁን ቢፈታው ግማሹ ውሃ እንደተቀላቀለ ይቀራል፤ ሌላ ዳገት ላይ ይቆማሉ፤ ያኔ እናትም ልጅም ያልቃሉ። ይህንን ያውቃል። ማወቁን ጠላው። «ስምንት ደቂቃ» አለ፤ እንባው ወደ ጆሮው እየፈሰሰ። «ስምንት ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።» ሚስቱ እግሩን ለቅቃ ደረቷን እየደቃች ወደ ልጇ ተመለሰች።

ሃያ ሲሞላ ፈታው። ቡናማው ውሃ እጁን እያጠበ ወረደ። በጣቱ መሃል እያሸ ጠበቀ፤ ሙልጭልጭ ሲልበት፣ ናፍጣ መሆኑን ሲያውቅ፣ ትንሽ ጨምሮ አፈሰሰና ጠረቀመው። ፊልትሮውን አራግፎ፣ አየሩን አስወጥቶ ቁልፉን ጠመዘዘ። እንቢ አለች። ደገመ። እንቢ። «በልጄ ይዤሻለሁ!» ብሎ መሪውን በቡጢ መታው። በሦስተኛው ተነሳች።

ከዚያ በኋላ አልቆመችም። እየበረረ ሆስፒታል ግቢ ሲገባ በአልጋ ተቀብለው እየሮጡ ወሰዷት። ባልና ሚስት ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ ጫፍ ተቀመጡ። ሐኪሙ ሲወጣ ጭንብሉን አውልቆ፣

«እናትየዋ ተርፋለች» አለ። የሕፃኑን ነገር ሳይናገር ገባቸው። «አንድ ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ…» ብሎ ተወው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አስገቧቸው። ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷ ትራሷ አጠገብ ቆሞ ሲነፋረቅ እጁን ያዘችው።

«አታልቅስ አባዬ። አዋላጇ ሁሉን ነግራኛለች። ሌላ ሾፌር ቢሆን ኖሮ አንቺም እዚያው ቀርተሽ ነበር አለችኝ። ያን ነዳጅ የሸጡልን ግን እግዜር ይፍረድባቸው።»

ሚስቱ አልጋው ግርጌ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። እሷ አትናገርም፣ ያውቃታል። ስንት ዓመት ገመናውን ሸፍናለች። ዝም ቢል ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ልጁ ደግሞ እጁን አልለቀቀችውም፤ እንደ ጀግና ነው የምታየው። እሱን አልቻለውም።

«የሸጡልን ሰዎች አላጠፉም» አለ። «በየበርሜሉ ቂጥ ትንሽ ውሃ አይጠፋም። እኔ ነኝ በርሜሉን ያዘነበልኩት። ዝቃጩን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳላጠልል።»

ልጅቷ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች።

«ነዳጅ አልነበረንም?»

«ነበረን።»

«ይበቃን ነበር?»

«አድርሶ ይመልሰን ነበር» አለ። «ፈርቼ ነው የኔ እናት። መንገድ ላይ እንዳያልቅብሽ ብዬ…»

እጁን ለቀቀችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ብዙ አለቀሰች። እናቷ ልትነካት ብትል ትከሻዋን ሰበቀች። በኋላ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

«ባሌ ዛሬ ይመጣል» አለች። «ይህንን ለሱ እንዳትነግረው። የሸጡልን ናቸው በለው። እሱ መቼም ይቅር አይልህም።»

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ እንጃ አባዬ። ዛሬ አትጠይቀኝ።»